መኪናው ወይስ እግሩ

ጭነት የያዘ የናፍጣ መኪና ዳገት ሲይዝ ከሞተሩ ጩኸት በላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ይወጣዋል። ሌላው ሰው የሚሰማው ጩኸቱን ነው፣ እኔ ግን ታክሲ ውስጥም ብሆን፣ ሰው እያናገረኝም ቢሆን፣ ያ ፉጨት በመስኮት ሲገባ ወሬዬን አቋርጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ፉጨቱ የተርቦው ነው። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚነፋ ዕቃ ነው፤ እሱ ከደከመ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ይህን የተማርኩት ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው።

ቤታችን ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ ስለነበር ጠዋት የሚቀሰቅሰን ላሜራ የሚቀጠቅጥ መዶሻ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናውን ከታላቅ ወንድሙ ከጋሼ ታደለ ጋር በጋራ የገዙት ሲሆን፣ ጋሼ ታደለ እህል በረንዳ መጋዘን ነበረው፣ አባቴ ደግሞ ከጎጃም ጤፍ እየጫነ ያመጣለት ነበር። እናቴ ቀን ሸማ ተራ ጥለት እየሸጠች ትውላለች፣ አባቴ መንገድ ላይ ባደረ ቁጥር ግን ስልኳን ከትራሷ አጠገብ አድርጋ ታድር ነበር፤ ማደር ነው እንጂ መተኛት አይባልም። እኔ ደግሞ አባቴ ከካቢናው ዘሎ ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ እያየው እንደሆነ እየተሰማኝ፣ እጁን ይዤ በሰፈሩ መሀል በኩራት እሄድ ነበር።

በአንዱ ክረምት የአባይን በረሃ እየወጣ ሳለ መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንሸራተተበት። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ሲያስገባ እግሩ ተሰበረ፣ መኪናውም የኋላ ጎማው የገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቴ ይህንን ለእናቴ የነገራት በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከዚያ እጁን ታጥቦ ራቱን በላ። እናቴ ጠዋት ተነስታ ሄዳ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ገዛችና በሾፌሩ በኩል፣ ከፊት መስተዋቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ፣ ዓይኑ እንዲያርፍበት አድርጋ ለጠፈችለት።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ሥራውን ቀጠለ፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሌሎች ሾፌሮች ከሰዓት በፊት የሚደርሱበትን እሱ ማታ ይደርሳል፣ ሲጠየቅም «መኪናው አይስብም» ይላል። ጋሼ ታደለ መካኒክ አሳየ፣ ማጣሪያ አስቀየረ፣ የናፍጣውን ታንከር አስጠረገ፣ አባቴ ግን ተመልሶ ሲመጣ ያው «አይስብም» ነበር። አንድ እሑድ ጋሼ ታደለ ቤታችን መጥቶ ምሳ ከበላ በኋላ፣ እናቴ እጁን እያስታጠበችው፣ «አየነው፣ መኪናው ምንም አልሆነም። የፈራው እግርህ ነው» አለ።

እናቴ ውኃ ማፍሰሷን ረስታ ቆመች። አባቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ። ጋሼ ታደለ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነገር ግን መኸሩ ደርሶ ነበር፣ እህሉ ከጎጃም ካልመጣ መጋዘኑ ባዶውን ይከርማል፤ ስለዚህ እስከ ኅዳር ነገሩ ካልለየለት ሌላ ሾፌር እንደሚያስገባ ተናግሮ ወጣ። ያን ሰሞን በቤታችን ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይራመድ ነበር። እኔ ጋሼ ታደለን ጠልቼው፣ ሲስመኝ ጉንጬን እጠርግ ነበር፤ አባቴ ፈሪ መባሉ ከመኪናው ይልቅ እኔን አሞኝ ነበር።

መላውን ያመጣው ጋሼ ከድር ነው። ጋሼ ከድር ከደጃፋችን ፊት ለፊት የሚሠራ የስልጤ ሰው መካኒክ ሲሆን፣ ጆሮው ሥር ሁልጊዜ እርሳስ ይሰካል፣ ሲጽፍበት ግን አይቼው አላውቅም። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ጌጅ እንግጠምለትና እሱ ይፍረድ» አላቸው። ጌጁ ተርቦው ምን ያህል አየር እንደሚነፋ የሚያሳይ፣ እንደ ሰዓት ክብ የሆነ መርፌ ያለው ዕቃ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ መርፌው ካልወጣ ተርቦው ታሟል፣ ከወጣ ግን መኪናው ጤነኛ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተስማሙ፣ እናቴም ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ጸሎት ጀመረች።

ጋሼ ከድር ያገኘው ጌጅ ከሌላ መኪና የተፈታ ስለነበር፣ «መጀመሪያ ምስክሩ ራሱ ይመርመር» ብሎ ጎሚስታው ጋ ወሰደው። ከጎማ መንፊያው ቱቦ ጋር አገናኝቶ አየር ሲለቅበት የጌጃችን መርፌና የጎሚስታው ጌጅ እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ። ከዚያ ካቢናውን ወደ ፊት ገልብጦ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ቆረጠ፣ መሀሉ ላይ መጋጠሚያ አስገብቶ በብረት ማሰሪያ ጠፈረው፣ ከመጋጠሚያው የወጣችውን ቀጭን ቱቦም እንዳትቀልጥ ከጭስ ማውጫው አርቆ በዳሽቦርዱ ሥር ወደ ካቢናው አሳለፋት። ሥራው ሁሉ ያማረ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ግን ተያዘ፤ ጌጁ መቀመጥ ያለበት ሾፌሩ በሚያየው ምሰሶ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ገብርኤል አለ።

አባቴ ወንድሙን አየ፣ ወንድሙ ከድርን አየ። «እኔን አትዩኝ» አለ ጋሼ ከድር። «ጅብሪል የኛም ነው። መልአክ አስነስቼ ጌጅ አልተክልም።» ስለዚህ ጌጁን በረዳቱ በኩል፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ሾፌሩ አንገቱን ካላዞረ በማያየው ቦታ ገጠመው። በሶማሌ ተራ ያለ መካኒክ ሁሉ መጥቶ እያየ ሳቀ፣ ሥዕሉን ልንሳው ያለ ግን አንድም አልነበረም። ጋሼ ከድር ከአክስቴ በለመንኩለት ቀይ የጥፍር ቀለም የጌጁ መስተዋት ላይ ነጥብ አድርጎ፣ «ጤነኛ ተርቦ እዚህ ድረስ ይወጣል» አለ።

ግቢ ውስጥ እንደቆመ ሞተሩን አስነስተው አባቴ ነዳጅ ሲሰጥ መርፌው ትንሽ ተንቀጥቅጦ ተመለሰ። አባቴ ፊቱ በራ፣ «አላልኩም?» አለ፣ እኔም ዘለልኩ። ጋሼ ከድር ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቆሞ ያለ መኪና ምን አየር ይነፋል? ይህ ጭነትና ዳገት ይፈልጋል» ሲል ደስታችን እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ከእህል በረንዳ እህል በጆንያ ተጭኖ መጣ፣ ወደ ጎጃም መውጫ፣ ወደ እንጦጦ ዳገት ሊወጡ ሲሉ ማን ያንብበው የሚለው ጥያቄ ተነሳ። ጋሼ ታደለ ሊገባ ሲል አባቴ በሩን ያዘ። «አጠገቤ ተቀምጠህ እግሬን እያየህ አልነዳም። ልጄ ታንብብልኝ።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለ ጋሼ ታደለ።

«አቡኪ ማን አላት? ያየችውን ትናገር።»

ጋሼ ከድር ቱቦው አየር ያስተነፍስ እንደሆነ ለማዳመጥ መሀል ተቀመጠ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ጌጁን ፊቴ ላይ አደረግሁት። አስፋልቱ ቀና ሲል ሞተሩ አገሳ፣ ያ ፉጨት መጣ፣ መርፌውም ተነሳ። እንዳይነሳ በልቤ እየተሳልኩ ነበር፣ እሱ ግን ወጣ፣ ወጣ፣ ቀዩን ነጥብ ነካ፣ አለፈውም።

«የት ደረሰ?» አለ አባቴ፣ መንገዱን እያየ።

«ቀዩ ጋ ደርሷል፣ አባዬ።»

ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ሲጀምር መንገዱ ታጠፈ፣ በኔ በኩል ያለው መሬት በድንገት ወርዶ ከተማው ከታች ታየ። መርፌው ዝቅ አለ። መጀመሪያ መኪናው የታመመ መስሎኝ በደስታ «ወረደ!» አልኩ። «ነዳጅ ስጠው» አለ ጋሼ ከድር፣ መርፌው ግን ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ፣ መኪናውም እየተንቀራፈፈ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ ይነፉ ጀመር። ገደሉን አልፈን መንገዱ በሁለት ወገን ግንብ ሲይዝ መርፌው ያለ ማንም ትእዛዝ ተነሳ። በሚቀጥለው ገደል እንደገና ወደቀ። ያኔ ከጌጁ ላይ ዓይኔን አንስቼ የአባቴን እግር አየሁ፤ ነዳጅ መስጫው ላይ የለም፣ ከፍ ብሎ አየር ላይ ይንቀጠቀጣል። እጆቹ መሪውን ይዘው ነጭተው ነበር፣ አንገቱ በላብ ርሷል። ጋሼ ከድርም አይቶ ኖሮ ፊቱን ወደ ፊት መስተዋቱ አዞረ። እኔ ከዚያ በኋላ አላነበብኩም፣ አባቴም አልጠየቀኝም።

ስንመለስ ጋሼ ታደለ ግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እናቴም ከገበያዋ ቀርታ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኋላው ቆማለች። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ ቆየ። ጋሼ ከድር ቀድሞ ወርዶ፣ «እህ?» ሲባል ጆሮው ሥር ያለውን እርሳስ እየነካካ፣ «እንግዲህ... ቱቦው ሳይላላ አልቀረም፣ ፈትቼ ልየው» አለ። ጋሼ ከድር በሥራው ሲዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩ በዚህ አልቆ አባቴ የሚድን መስሎኝ እኔም በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ።

አባቴ ወረደ፣ እንደ ድሮው ሳይዘል፣ በሩን ተደግፎ። «ተው ከድር» አለ። ከዚያ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። «ቱቦው አልላላም። መኪናው ደህና ነው፣ ያልከው ልክ ነው፣ እግሬ ነው። ገደል ሳይ አይታዘዘኝም።» ቁልፉንም ዘረጋለት።

ጋሼ ታደለ የፈለገው መልስ ይኸው ነበር፣ ሲመጣለት ግን የሚያደርገው ጠፋው፤ ቁልፉን ሳይቀበል መጀመሪያ አባቴን ትከሻውን ያዘው። እኔ በውርደት እየተቃጠልኩ ቤት ገባሁና አልጋው ሥር ተደበቅሁ። መኪናውን ሌላ ሾፌር ያዘው፣ አባቴም ከገና በኋላ እህል በረንዳ መጋዘኑ ውስጥ ጤፍ መቀበል ጀመረ። ለፋሲካ አዲስ ቀሚስ ሲገዛልኝ እንኳ ሰፈር ውስጥ እጁን ይዤ መሄድ አቁሜ ነበር። እናቴ ግን በዚያ በጋ ስልኳን ኩሽና ረስታው ታድር ጀመር፣ እንቅልፏም ከባድ ከመሆኑ የተነሳ ጠዋት መዶሻው እንኳ አይቀሰቅሳትም ነበር።

ዛሬ አዳዲሶቹ መኪኖች ይህን ሁሉ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ለሾፌሩ ራሱ ያሳዩታል፣ ልጅ አስቀምጦ ማስነበብ ቀርቷል። የኔም ባል የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኝቼው፣ «ከፈራህ ተመለስ፣ ማንም ምንም አይልህም» እለዋለሁ፣ እሱም ለሾፌር ጓደኞቹ ሁሉ እየነገረ ይስቅብኛል። አንድ ቀን አባቴ እኛ ቤት እያለ ይህንን ስለው ባሌ እንደ ልማዱ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ከዘራውን ይዞ ተነሳና በር ድረስ ወጥቶ፣ «የምትልህን ስማ፣ ልጄ» አለው።