እናቴ በነጠላዋ ውስጥ ያየችው መብራት

ሰሞኑን እናቴ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል አድርጋ የስልኬን መብራት አበራችብኝ። መብራቱ አራት እግር አውጥቶ በመስቀል ቅርጽ ተዘረጋ። እስካሁን እንደደነቀኝ ነው።

ለአንድ ፊልም ቪዥዋል ኢፌክት እየሠራሁ ነው። ዘመኑ ደርግ፣ ቦታው ሚዛን ተፈሪ ነው። ማለዳ፣ በጉም ውስጥ፣ ኦራል መኪና ወጣቶችን ለብሔራዊ ውትድርና ጭኖ ይሄዳል፤ እናትና እህት ቆመው ያያሉ።

የተቀረጸው የመኪናው የፊት መብራት ጠፍቶ ስለሆነ በጉሙ ውስጥ የሚታየውን ነጸብራቅ በኮምፒውተር የምጨምረው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ለፍቼ፣ በሥራዬ ኮርቼ ለእማዬ አሳየኋት። እሷም ያኔ ወንድሟን እንዲሁ ሸኝታለች።

"እንዲህ አልነበረም" አለች። "መብራቱ መስቀል ሠርቶ ነበር።"

"እማዬ፣ ጉም እንዲህ አያደርግም" ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። የሙያው ሰው ነኛ።

ነጠላዋን ያለበሰችኝ ይሄኔ ነው። ለካ ብርሃን በስስ ሽመና ውስጥ ሲያልፍ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ይሳባል።

"የቀበሌ ሰዎች ስናለቅስ እንዳያዩን ፊታችንን በነጠላ ተከናንበን ነበር" አለችኝ።

ወንድሟን ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

የሦስት ቀን ሥራዬን አጥፍቼ መብራቱን በራሷ ነጠላ ውስጥ ቀረጽኩትና መኪናው ላይ አዋሃድኩት። ስታየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ወንድም ወይም ልጅ የሸኘ ሰው ቤታችሁ ካለ እስኪ ጠይቁልኝና ጻፉልኝ፤ መኪናው ሲሄድ በምን ውስጥ ሆነው ነበር ያዩት?