ኮሞዶር የኔሰውና የጎደሉት አሥራ ስድስት ገጾች

ቢቸና ባሕር የላትም። ይህን የምነግራችሁ የማታውቁ መስሎኝ አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ የረሳችበት ዘመን ስለነበረ ነው። የመናኸሪያው ረዳት ወደ ደጀን የሚሄደውን አውቶቡስ ጎን በመዳፉ እየደበደበ «መልሕቅ አንሣ!» ይላል፤ ሹፌሩም ሳይገርመው ይነሣል። ኳስ ሜዳ የተሸነፈ ቡድን «መርከባችን ሰጠመች» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ የተቆጣችበት ጎረቤቴ «ዛሬ ቤት ውስጥ ማዕበል ነው» ብሎኝ ያውቃል። ሰውየው በሕይወቱ ካየው ውኃ ሁሉ ትልቁ አባይ ነው፤ እሱንም ከድልድይ ላይ ሆኖ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አንድ ሰው ነው፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሽ የኔሰው፣ በቅጽል ስሙ ኮሞዶር።

ነገሩ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ለትምህርት ቤታችን ከባሕር ማዶ የመጻሕፍት ስጦታ መጣ ተባለ። ርእሰ መምህሩ የፊዚክስና የባዮሎጂ መጻሕፍት ጠብቆ ሰልፍ ላይ አስጨበጨበን። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ አርባ መጻሕፍት ወጡ፤ አርባዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ፣ ዊትኮም የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን የሕይወት ታሪክ። ሰጪዎቹ ስለ ቢቸና ምን እንደተነገራቸው አላውቅም፤ ወደብ እንዳለን ግን ሳያምኑ አልቀሩም።

ሌላ ሰው ቢሆን መጻሕፍቱን መደርደሪያ ላይ ጥሎ ይረሳቸው ነበር። የኔሰው ግን ከስጦታ ላይ አቃቂር ማውጣት ነውር ነው ብሎ ዘጠነኛ ክፍልን በሙሉ በዚያ መጽሐፍ ማስተማር ጀመረ። ዊትኮም በአሥራ ሦስት ዓመቱ እናቱን ተሰናብቶ መርከብ ላይ ወጣ፤ እኛም አብረነው ወጣን። የመጀመሪያ ማዕረጉ «ሚድሺፕማን» ይባላል። የኔሰው ሲያስረዳን «ገና ጉባኤ ቃና ላይ ያለ የቅኔ ተማሪ በሉት፤ መኮንን ነው፣ ግን ማንም አይፈራውም» አለን። ባሕር ምን ያህል ነው ስንለው ጥቂት አሰበና «ከዚህ እስከ ሞጣ ያለው እርሻ ሁሉ ውኃ ቢሆንና ሞጣም ባትኖር» አለ። ሞጣ ዘመድ ያላቸው ተማሪዎች ቅር አላቸው።

ዊትኮም በሃያ አምስት ዓመቱ በጭጋግ ተከልሎ ከጠላት ወደብ ውስጥ አንድ መርከብ ይዞ ወጣና ካፒቴን ተባለ። ከዚያ የራሱ መርከብ ዐለት ላይ ወጥታ ተሰበረች፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ወጣ። በመጨረሻም ኮሞዶር ሆነ። የኔሰው «አንድ መርከብ ያለው ካፒቴን ነው፤ ብዙ መርከብ ያለው ኮሞዶር ነው» አለ።

«ምንም መርከብ የሌለውስ?» አልኩት እኔ።

«የእንግሊዝኛ መምህር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኮሞዶር በቀር በሌላ ስም የጠራው ተማሪ የለም።

ጣጣው መጨረሻው ላይ ነው። ዊትኮም ሬድፊልድ የሚባል የልብ ወዳጅ ነበረው። በአንድ ውጊያ ማግስት ዊትኮም መኮንኖች በተሰበሰቡበት ተነሥቶ «ሬድፊልድ ፈርቶ ሸሽቷል» ብሎ ተናገረ። ሬድፊልድ አልሸሸም ነበር፤ መርከቡን ነፋስ ነው የወሰደበት። ስሙ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ መርከብ የሚሰጠው አጣ። ከዓመታት በኋላ ለዊትኮም ደብዳቤ ላከለት። በገጽ 128 የመጨረሻው መስመር ላይ «ዊትኮም ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ» ይላል። በቃ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሽፋኑ ነው፤ በአርባዎቹም። ማውጫው ግን መጽሐፉ 144 ገጽ እንዳለው ይናገራል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጓዴ ይባላል፤ ከየኔሰው ጋር በአንድ ሰሐን የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። የጓዴን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው የኔሰው ነው። የኔሰው ግን ግንቦት ላይ፣ አርባ ተማሪ ዊትኮም ወዴት እንደሄደ ሊሰማ በጉጉት በተቀመጠበት ቀን፣ ባዶ ሽፋን ሲያገኝ ደሙ ፈላ። በዚያው ሳምንት ገበያ ውስጥ በርበሬ በእንግሊዝኛ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ አይቶ ነበር። መምህራን ማረፊያ ገባና በሠላሳ አንድ ሰው ፊት ጓዴን «አንተ ነህ በምላጭ ቆርጠህ የሸጥከው! ሌባ!» አለው።

ጓዴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሻይ ጠጣና ተበተነ። ጓዴም ሌባ በተባለበት ከተማ አልኖርም ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ሞጣ ገባ። እዚያ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሃያ አራት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ።

በተከታዩ ዓመት ደግሞ የኔሰው ለመጽሐፉ መጨረሻ አገኘለት። ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። ዊትኮም በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሬድፊልድ ደጅ ይወድቃል። «በድዬሃለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» ይላል። ሬድፊልድ ያነሣዋል፤ ይሳሳማሉ። ይህ በፈተና ሁሉ ይመጣ ነበር፦ «ዊትኮም ድንጋይ የተሸከመው ለምንድን ነው?» አሜሪካ ውስጥ የባሕር ኃይል መኮንን ድንጋይ ይሸከማል ወይ ብሎ የተጠራጠረ አንድም ልጅ አልነበረም። ሳይሸከም እንዴት ይታረቃል? የኔሰው ይህን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ አስተማረ።

እኔ ምናለ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባለፈው 2015 ዓ.ም. ጥር ላይ አዲሷ የእንግሊዝኛ መምህርት ምስራቅ ፍላሽ ይዛ መጣች። የሞጣ ልጅ ናት። የዊትኮምን መጽሐፍ ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ አግኝታው፣ የጎደሉትን አሥራ ስድስት ገጾች አሳትማ ለጋሽ የኔሰው በስጦታ ልትሰጠው አስባለች። እኔም ወረቀቱ ከማሽኑ እየሞቀ ሲወጣ ቆሜ አነበብኩት። «ኮፍያውን አንሥቶ ወደ» የሚለው ለካ «ወደ ሽጉጡ ሣጥን ሄደ» ነው የሚለው! ሬድፊልድ የላከው ደብዳቤ የፍልሚያ ጥሪ ነበር። ሁለቱ ሜዳ ላይ ስምንት እርምጃ ተራርቀው ቆሙ፤ ዊትኮም ሆዱን ተመትቶ በዚያው ቀን ሞተ። አንድ ሽማግሌ እንኳን መሐል የገባ የለም። እንዲህ ያለ አገር ይኑር አይባልም ብዬ ተናደድኩ።

አብረን ቤቱ ሄድን። የኔሰው ገጾቹን በረንዳው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበና ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። ምስራቅ የደነገጠ መስሏት ልታጽናናው «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ሞጣ እኛ ትምህርት ቤትም ይኸው መጽሐፍ ነበረ፤ እሱም 128 ላይ ነው የሚያልቀው። ከማተሚያ ቤቱ ጎድሎ የመጣ ይመስለኛል» አለችው።

እንግዲያው ጓዴ አልቆረጠም። ጓዴ የሞጣ ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። የኔሰው ሲጮህ፣ ሲያለቅስ ልሰማ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለ። «በ1993 ለፈተና ቁጥጥር ሞጣ ተልኬ አይቼዋለሁ።»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴም ትመሰክራለች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲጠብቁ ኖሩ?» አልኩት።

«አስተማርኩት እኮ።»

«ምኑን?»

«መታረቁን። በየዓመቱ።»

ሁለት ሺህ ልጅ ፊት በዊትኮም አፍ ይቅርታ ሲጠይቅ ኖሮ፣ አንዴ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጓዴ ዘንድ አልሄደም። ምስራቅ ግን እንደ እኔ አልጮኸችም። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው፤ አምና የጓዴ የበኩር ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ሲልክ፣ የልጅቷ ቤተሰብ ቢቸና ድረስ ሰው ልከው ዘር ጠየቁ። «አባቱ መጽሐፍ ሰርቆ የተባረረ ነው» የሚል መልስ አግኝተው እምቢ አሉ።

«የትኛው ልጁ?» አለ የኔሰው።

«የእርስዎ የክርስትና ልጅ።»

ከተቀመጠበት ተነሣ። «ቅዳሜ እንሂድ» አለን።

በአውቶቡስ ጉንደ ወይን እስክንደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጆሮዬን ጠጋ ባደርግ በእንግሊዝኛ ነው የሚለማመደው። «ጓዴ እኮ አማርኛ ይችላል» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተለማመደም።

ምስራቅ አስቀድማ ደውላ ስለነበር አብዱሰመድ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የጓዴ የሱቅ ጎረቤትና የሞጣ የታወቀ አስታራቂ። ይዞን ሄደ። ጓዴ ሸብቷል፤ ደብተር ይደረድራል።

«አያ ጓዴ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ» አለው አብዱሰመድ።

ጓዴ ቀና ብሎ የኔሰውን አየው። መደርደሩን ግን አላቆመም። «ዊትኮም መጣ?» አለ።

ሁላችንም ደነገጥን።

«ደብተር የሚገዙ ልጆች ነግረውኛል። ያንተ ተማሪዎች አስተማሪ ሆነው እዚህም መጥተዋል። ገና ስሰማው ስለ እኔ መሆኑ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ይመጣል ይላል ያንተ መጽሐፍ። እኔም ጠበቅሁ።»

የኔሰው ወደ ምስራቅ ዞረ። ምስራቅ ልታግዘው ብላ እውነተኛውን መጨረሻ ነገረችው፤ ሬድፊልድ ዊትኮምን እንደገደለው። ጓዴ ሳቀ።

«ስለዚህ ተኳሹ እኔ ነኝ ማለት ነው? አይ፣ የአንተው ይሻላል። በል አሁን ንገረኝ፤ ስለ ዊትኮም ግን አይደለም።»

«ገጾቹን አልቆረጥክም» አለ የኔሰው።

«እሱን እኔም አውቃለሁ።»

«እኔም ካወቅሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ለፈተና እዚሁ ሞጣ መጥቼ የእነሱን መጽሐፍ አየሁት።»

ጓዴ የያዛቸውን ደብተሮች አስቀመጠ። ይህንን አያውቅም ነበር። «ሱቄ ያኔም እዚሁ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። በዚያኛው ጥግ አልፌ ሄድኩ።»

አብዱሰመድ ስንት ነፍስ የጠፋበት ጠብ ያስታረቀ ሰው ነው፤ እሱ እንኳን መሬት መሬት አየ። ጓዴ ወደ የኔሰው ጠጋ አለ።

«ሌባ ያልከኝ ሞጣ አይደለም፤ ቢቸና ነው፣ በሠላሳ አንድ ሰው ፊት። ይቅርታህን እዚህ አምጥተህ ለማን ትሰጣለህ? ሞጣ ሌባ ብሎኝ አያውቅም።»

«ወላሂ፣ ብለን አናውቅም» አለ አብዱሰመድ።

ሰኞ ጠዋት የኔሰው ትምህርት ቤታችን ሰልፍ ላይ ቆመ። ከሠላሳ አንዱ መምህራን ገሚሱ ሞቷል፤ የቀረው ተዛውሮ የት እንዳለ አይታወቅም። በቦታው የተገኙት ስለ ጓዴ ሰምተው የማያውቁ አንድ ሺህ አራት መቶ ልጆች ናቸው። ጓዴ ከረባት አድርጎ ከአጠገቡ ቆሟል። የኔሰው ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ይዞ «ይህ ሰው ጓዴ ይባላል። ሌባ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ» አለ። ልጆቹ ለጓዴ ሽልማት የሚሰጠው መስሏቸው አጨበጨቡ። አጠገቤ የቆመች ልጅ «ማን ነው ሌባ ያላቸው?» ብላ ጓደኛዋን ጠየቀች፤ ጓደኛዋም አታውቅም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚያ ግቢ ውስጥ ጓዴን በሌብነት የሚያውቀው ልጅ አልነበረም። እኔ አለቀስኩ፤ በንዴት ይሁን በደስታ እስካሁን አልለየሁትም።

ከሰልፉ በኋላ ምስራቅ ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተችልን። ጓዴ ሳይጠይቅ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አቧራ ከለበሱት አንዱን አወጣ። መጨረሻውን ገልጦ ከገጽ 128 ወዲያ ያለውን የጀርባውን ስፌት በአውራ ጣቱ ወደታች ዳሰሰው። ክሩ አልተነካም፤ የተቆረጠ ወረቀት ቀሪ የለበትም። መጽሐፉን እንደተከፈተ የኔሰው እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ያኔ ይቺን ብቻ እንድታይልኝ ነበር የፈለግሁት» አለው።

የኔሰው መነጽሩን ከኪሱ አወጣና አየ።