ቀርፋፋው ከፊት ይሁን

የወንድሜን እግር የቀበርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ያኔ አልሞተም ነበር። ሆስፒታል ከጉልበቱ በታች ቆረጡትና እግሩን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቤተሰብ ይረከብ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ቤቱ ተበላ ከተማ ስለነበር ወደዚያው በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። ጭኔ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ረዳቱ ጨርቁ እርጥብ መሆኑን አየና «ጋሼ፣ ሥጋ ከሆነ ከላይ ይጫን፤ የሰው ልብስ እንዳታበላሽ» አለኝ። ሥጋ አይደለም አልኩት። ከጓሮው እንሰት አጠገብ ቀበርኩት። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የቀረውን ወንድሜን ከጎኑ ቀበርነው።

ነገሩ የጀመረው በትንሽ ቁስል ነው። ኮንጎ ጫማው ትንሿን ጣቱን ላጣት። ስኳር እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን ቁስሉን ባሳየሁት ቁጥር «አያመኝም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አያመውም ነበር። እግሩ ደንዝዞ ነበራ። ከዚያ ወዲህ አያመኝም የሚል ሰው አላምንም።

እኔ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ እሰፋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ውኃ ጥሙ ሲበዛብኝ፣ ዓይኔንም ሲያጭበረብረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወጋችና ያገኘችውን አየች። ከዚያ ዞር ብላ «አባባ፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ።

«ነበረ።»

ምን እንደሆነ ነገርኳት። መድኃኒት ሰጠችኝና «ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ቁጭ ብለው መዋል አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ይሩጡ» አለች።

እኔ በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም። አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር። በእኛ ሰፈር የቆዳ አልፊ ልጅ ሲሮጥ የታየ እንደሆነ ምን ሰርቆ ነው ይባል ነበር። ሰው ቤት አንገባም፤ የምንጠጣውን በተሰበረ ቅል ደጅ ነው የሚያወጡልን። ትምህርት ቤትም አጠገባችን የሚቀመጥ ስላልነበረ አባቴ ቀሩ አለ፣ ቀረን። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እዚያም የመጨረሻው እኔ ነበርኩ። አብረውኝ የጀመሩት ጋዜጣ ሲያነቡ እኔ ገና «ተ» እና «ቸ»ን እለይ ነበር። ስለዚህ መጨረሻ መሆንን ሩጫው አላስተማረኝም።

በከተማችን የጤና ቡድን የሚባል አለ። መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ጠዋት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሜዳውን ይዞሩና በቦዲቲ መንገድ ወጥተው ይመለሳሉ። መሪያቸው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ሁላችንም አለቃ እንለዋለን። የሄድኩት ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ጠዋት ሜዳውን አንዴ ሳልዞር ሁሉም ዞረው ደረቡኝ። ገበያ ውስጥ ድንች የምትሸጥ ወፍራም ሴት ነበረች። እሷ እንኳ በጎኔ አልፋ ዞር አለችና «ኢሻው! ጥላህም ጥሎህ ሄደ እኮ!» አለች። «ኢሻው» በቋንቋችን ወንድሜ ማለት ነው። ሰዉ ሳቀ። በማግስቱም ሳቀ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ወጣት ደግሞ ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ መጣህ ወይስ ትናንት እንደወጣህ ነው?» ይለኛል። ልሰድበው ብል ትንፋሽ የት አለና።

ሳቁን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ኋላ መቅረቱን ነው። ዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ሲለቅብን መንገዱ አይታይም። ከፊቴ የእግራቸው ኮቴ ይሰማኛል፤ እየራቀ፣ እየራቀ ይጠፋል። ከዚያ እኔና ልቤ ብቻ እንቀራለን። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። አይሱዙ መብራቱን ሳያበራ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ቦይ ውስጥ እገባለታለሁ። እዚህ ብወድቅ መቼ ነው የሚያገኙኝ እያልኩ ነበር የምሮጠው፣ ሩጫ ከተባለ።

አንድ ቀን እግሬ ከዳኝና መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ተመልሰው ሲመጡ ጭጋጉ ውስጥ ሳያዩኝ አልፈውኝ ሄዱ። ትንፋሽ ሰብስቤ ልጠራቸው ስል ርቀው ነበር። አለቃ ነው ሜዳው ላይ ስንቱን ይዞ እንደወጣ ቆጥሮ፣ አንድ ሲጎድልበት ተመልሶ የመጣው። አላነሳኝም። ከላዬ ቆሞ እስክነሳ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ሰልፉን አሰለፈና በጣቱ ጠቆመኝ። «አንተ፣ ከፊት።»

«ለምን?»

«ከዛሬ ጀምሮ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን። ማንም አይቀድመውም።»

የባንኩ ልጅ ጮኸ። «አለቃ፣ በእሱ እርምጃ ከሄድን እኮ ቀብር የምንሸኝ ነው የምንመስለው!»

እኔም ተናደድኩ። ሰው በሕይወቴ ከፊት ቁም ብሎኝ አያውቅም፤ ቦታዬ በር አጠገብ እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሊያላግጡብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። «መሳቂያ ልሆንላችሁ አይደለም የመጣሁት» አልኩት።

አለቃ አልተቆጣም። «ከኋላ ስትወድቅ ማን አየህ? ከፊት ብትወድቅ ቢያንስ እንረግጥሃለን። በል እግርህን አንሳ።»

አነሳሁ። ከፊት መሆን ደግሞ የራሱ ፍርሃት አለው። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ነው። መቆም አይቻልም፤ ከቆምክ ሁሉንም ነው የምታቆመው። ድንች ሻጯ ከኋላዬ ሆና «ኢሻው፣ በዚህ አካሄድህ ድንቼ በቅሎ ይጠብቀኛል» ትላለች። ግን ማንም አልቀደመኝም። በእኔ እርምጃ ሄዱ፣ በእኔ እርምጃ ተመለሱ።

አለቃ በኮንጎ አትሮጥም፣ ስፖርት ጫማ ግዛ አለኝ። ሰልባጅ ጫማ ከገበያ ገዛሁ። ሶሉ ከትንሿ ጣት በኩል አፉን ከፍቶ ነበር። ሌላ ሰው ጋ አላሰፋም መቼም፤ በወስፌና በናይሎን ክር ራሴ ሰፋሁት። ክሩን ከውስጥ ነው የቋጠርኩት። የሰው ጫማ ስሠራ እጄን አስገብቼ ውስጡን ሳልዳስስ አልሰጥም። የራሴን አልዳሰስኩም። ለማን ብዬ ነው የምጠነቀቀው?

አንድ ጠዋት ከሩጫ ተመልሼ ሥራ ቦታዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው ጉዱን ያየሁት። ካልሲዬን ልቀይር ብዬ ስስብ አልወጣ አለ። ትንሿ ጣቴ ላይ ተጣብቋል። ውኃ አፍስሼበት ሳላቅቀው ከሥሩ ደም ወጣ፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ የደረቀ፣ መሐሉ ግን ትኩስ። እዚያው ጣት ላይ ነው። የወንድሜም እዚያው ላይ ነበር። ጫማው ውስጥ እጄን ሰደድኩ፣ ቋጠሮው እንደ ጠጠር ጠንክሮ ተቀምጧል። በደንብ ነው የተቋጠረው። ሙያዬን አውቃለሁ።

ምንም አላመመኝም። ቁስሉን በጣቴ ተጫንኩት፣ አላመመኝም። በጥፍሬ ተጫንኩት። አሁንም አልተሰማኝም። አንዱ ደንበኛ መጥቶ ጫማውን እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ሲያቀብለኝ ቶሎ ብዬ ካልሲዬን መልሼ አጠለቅሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱ፤ ቁስል ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» የሚል ተለጥፎ አለ። ወረፋ ስጠብቅ ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ። ማንበብ ባልማር ኖሮ ግድግዳው ዝም ይለኝ ነበር። አሁን ግን ዝም አይልም፤ ሥራ ላይም ስሆን፣ ስበላም ያንን ጽሑፍ አያለሁ። ታዲያ ለምን አልሄድኩም? የሚሉኝን ስለማውቅ ነዋ። ወንድሜም ሆስፒታል የገባው በአንድ ጣት ነው። እኔ ከሄድኩ ቆርጠው የሚሰጡት ለማን ነው? ለሚስቴ?

ሩጫውን ተውኩት። ሚስቴ «ዛሬም አልሄድክም?» ስትለኝ ደክሞኛል እላለሁ። እሷ ጸሎት ስትሄድ እግሬን በጨው ውኃ እያጠብኩ በጨርቅ አስረዋለሁ። ካልሲ ከእግሬ አላወልቅም። እየዋለ እያደረ ጨርቁ ቢጫ ሆነ።

ሚስቴ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች ቀና አለች። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቆዳ ነው።»

«ካገባሁህ ጀምሮ ቆዳ ሲሸተኝ ነው የኖርኩት» አለች። «ይሄ ቆዳ አይደለም።»

አሳየኝ ብትል ጮህኩባት። ሳህኑን ትታ ወጣች፤ ገበያ ሄዳ ለድንች ሻጯ ነገረቻት። ድንች ሻጯም መደቧን ለጎረቤቷ ጥላ፣ አለቃን አስከትላ ቤቴ መጣች። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው ደጃችን ድረስ እንኳ አይመጣም ነበር፤ እነሱ ግን ግቡ ሳልላቸው ገቡ። ሴትየዋ ቁጢጥ ብላ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ኢሻው፣ አምጣ እግርህን።»

«ተይኝ።»

«ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ ድንች ከደህናው ስለይ ነው የምውለው። አንተን አልፈራህም። አምጣ!»

አለቃ በሩ ላይ ቆሟል። ሰጠኋት። ካልሲውን አወለቀች፣ ጨርቁን ፈታች። አንድ ነገር ትላለች፣ ትቀልዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደችም። ቀና ብላ አለቃን አየችው። እሱም ባጃጅ ሊጠራ ወጣ።

ባጃጅ ውስጥ እግሬን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እንዳስቀመጥኩት የወንድሜ ትዝ አለኝና ወዲያው አወረድኩት።

ነርሷ ያቺው ነበረች። አጠበችው፣ የሞተውን በመቀስ ቆርጣ አነሳች። «ያምማል?» አለችኝ።

«አያመኝም» አልኩ። የወንድሜ ቃል ከአፌ ወጣ። ከዚያ በኋላ የምትለውን አልሰማሁም። አለቃ ትከሻዬን ይዞ ሁለቴ እንዲደገምልኝ አደረገ፦ አጥንት አልደረሰም፤ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይደርስ ነበር፤ በየቀኑ መታጠብ አለበት፤ እግሬን መርገጥ የለብኝም፤ እንደሚድን ግን ቃል አልገባችም።

ያንን ክረምት ሶዶ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ፋሻ ስመለከት ከረምኩ። ፋሻው በተፈታ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሚስቴ ናት አይታ የምትነግረኝ፦ ቀይ ነው፤ አሁንም ቀይ ነው፤ ዛሬ ጠበበ። አንድ ቀን ነርሷ መድኃኒቱን ስታፈስበት ቆንጠጥ ያደረገኝ መሰለኝ። አሞኝ ይሁን፣ ወይ እንዲያመኝ ፈልጌ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። «አመመኝ!» ብዬ ስጮህ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቁስሉ ዘጋ። ነርሷ «በሉ እንግዲህ፣ ቀስ ብለው ወደ ሩጫዎ» አለችኝ።

«ሩጫው ነው ያቆሰለኝ።»

«ያቆሰለዎት ጫማው ነው።»

«ጫማውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጫማ ሰፊ ይቀይሩ» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቁጭ ብል ስኳሩ አለ፣ ብነሳ ጫማው አለ። የማልፈራበት ቦታ ቢሰጡኝ እዚያ እሄድ ነበር።

ስፌቱን ተርትሬ፣ ቋጠሮውን ወደ ውጭ አውጥቼ እንደገና ሰፋሁት። ሚስቴ «በቃህ፣ ቀዳዳ ልታወጣለት ነው» እስክትል ውስጡን ዳሰስኩ። ጠዋት ሜዳ ስደርስ ሰልፉ ቆሟል፤ የፊተኛው ቦታ ባዶ ነው። ገብቼ ቆምኩ፣ ተንቀሳቀስኩ።

ከሜዳ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ያ ፍርሃት መጣ። ጫማዬ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ አላውቅም። እግሬ አይነግረኝም። ደም ይሁን ላብ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጥቂት ታገልኩና አልቻልኩም፤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ቆመ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ማሰሪያዬን መፍታት ጀመርኩ።

የባንኩ ልጅ ባለበት እየረገጠ «ጋሼ፣ እዚህም ቅርንጫፍ ልትከፍት ነው?» አለ። ሳቁ። ካልሲዬን በሁሉም ፊት አወለቅሁ። ድንች ሻጯ ጎንበስ ብላ ጣቴን አገላብጣ አየችው፤ እኔም አየሁት። ጫማው ውስጥ እጄን እስከ ጫፉ ሰደድኩ።

«ምን አለ?» አለ አለቃ።

«ደረቅ ነው» አለች እሷ።

«እንግዲያው ምራ።»

አሰርኩና ተነሳሁ። ጭጋጉ ከፊቴ እንዳለ ነው። መመለሻው ጋ ሳንደርስ እንደገና አስቆምኳቸው።