አዴ ድርቤና የመንታ መንገዱ ቅጠል

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ውስጥ፣ ከቢላ ወደ ነቀምቴ በእግሬ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። ዝናቡ መኪና ካቆመ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ስለቀረው መንገዱ እስኪደርቅ መጠበቅ አልቻልኩም። መንገድ ላይ አድሬ በማግስቱ ረፋድ ከወንዙ በላይ ካለው መንታ መንገድ ስደርስ፣ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው መንገድ ሲዘጉ አየሁ።

እዚያ ቦታ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የወንዙን ዳር ይዞ ይወርዳል፤ ሌላው ሽቅብ ወጥቶ በጨፌው፣ በረግረጉ በኩል ይዞራል። ሁለቱም ነቀምቴ ያደርሳሉ፣ በክረምት ግን ሁለቱም አይታመኑም። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ የዳሩን መንገድ ይውጠዋል፤ ሌላ ቀን ጨፌው በቅሎን እስከ ሆዷ ያሰምጣል። የዛሬውን የሚያውቀው ከወዲያ የመጣ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከነቀምቴ የመጣ መንገደኛ መንታው ላይ ሲደርስ እርጥብ ቅጠል ቀንጥሶ በማያሳልፈው መንገድ ላይ ያጋድምና ድንጋይ ጭኖበት ይሄዳል። ከቢላ የሚመጣው ያን አይቶ በሌላው ይሻገራል። ማን ጣለው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኚህ ሴትዮ ግን የዘጉት ሁለቱንም ነበር።

«አካም ቡልተን» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ሰላምታዬን ተቀብለው ቀና ሳይሉ ባላውን እንዳልረግጥ አስጠነቀቁኝ። እኔም ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ባላ የሚባል ነገር፣ የጎጆ ድጋፍ የሚሆን መንታ እንጨት፣ በአካባቢው የለም። ቤት ሊሠሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሃምሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ የቅቤ ቅላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በጀርባቸው ያዘሉ ሴት ናቸው። ትንሽ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«አንተም? ዳኛውም ልክ እንዲሁ ነበር ያለው።»

አዲስ ሰውን ሁሉ በዚች ቃል እንደሚፈትኑ በኋላ ነገሩኝ። በኦሮምኛ ባላ ማለት ቅጠል ነው። ከዚያ ከመንገዱ ፈንጠር ያለ ድንጋይ አሳዩኝና እንድቀመጥ ጋበዙኝ፤ የሚመጣ ሰው አለ፣ እስኪመጣ ያጫውቱኛል። እኔ ደግሞ ጨዋታ ከተገኘ ዝናብም አያስነሳኝ።

አዴ ድርቤ ይባላሉ፣ አዴ እንደ እማማ ያለ የአክብሮት ቃል ነው፤ የቢላ ልጅ ናቸው። ባለቤታቸው ባይሳ ማር ነጋዴ ነበር፤ ሦስት በቅሎ ነበረው። ጉሉማ የሚባል ሌላ ማር ነጋዴ ነበር፤ ከባይሳ ጋር ስንቅ አብሮ የሚፈታ፣ ሠርጋቸው ላይ ሚዜ የሆነ ሰው። ታዲያ ነቀምቴ ገበያ ላይ አንድ ገዢ መጣ። መጀመሪያ የደረሰለትን ማር ጭኖ የሚሄድ፣ የኋለኛውን ዞር ብሎ የማያይ ዓይነት ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወዳጆች አብረው መጓዝ ተዉ።

«ፍቅራቸው አልቀነሰም» አሉኝ አዴ ድርቤ፣ «እግራቸው ነው የፈጠነው።»

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በነሐሴ፣ ጉሉማ ቀድሞ ወጣ፤ ባይሳ ተከተለ፤ እሳቸው ቅቤያቸውን ይዘው ከሌሎች ሴቶች ጋር ኋላ ነበሩ። መንታው ላይ ሲደርሱ ቅጠሉ በላይኛው መንገድ ላይ ተጋድሟል፤ የወንዙ ዳር ክፍት ነው። ሴቶቹ ወደ ወንዙ ሊወርዱ ሲሉ አዴ ድርቤ ጭቃውን አዩ። የበቅሎ ኮቴ ቅጠሉ ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል ወጥቶ ሽቅብ ይሄዳል። ቅጠሉ ከኮቴው በኋላ ነው የተጣለው። ዝቅ ብለው የወንዙን መንገድ ሲያዩ ደግሞ፣ ድንጋይ የተነሣበት እርጥብ ጉድጓድና የረገፈ ቅጠል አለ፤ ቅጠሉ መጀመሪያ የነበረው እዚያ ነው።

«ሰው ራሱ የሄደበትን መንገድ ከኋላው ይዘጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅላቸውን ጥለው በወንዙ ዳር ሮጡ። አንዲት በቅሎ ከነማሯ ቋጥኝ ላይ ቆማ አገኙ። ባይሳ የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ በታችኛው መልካ፣ በወንዙ መሻገሪያ ነው።

ከሰሱ። ችሎቱ በአማርኛ ነው፣ እሳቸው ያን ጊዜ አማርኛ አያውቁም፤ አስተርጓሚ ቆመላቸው። ጉሉማ ባላውን አነሣ፣ ባሌን ገደለ አሉ። አስተርጓሚው ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሶ ባላ የምትለዋን ቃል ግን እንዳለች ተዋት፤ አማርኛም ውስጥ አለችና። ከሸዋ የመጡት ዳኛ ግራ ገባቸው። የቤት ባላና የወንዝ ሙላት ምን አገናኘው አሉ። ችሎቱ ሳቀ። አዴ ድርቤ የተሳቀው በሐዘናቸው መስሏቸው ዝም አሉ።

ጉሉማ ግን ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል፤ በገበያ ነው ያደገው። ቃሏ የት ላይ እንደተጣመመች የገባው እሱ ብቻ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን ጭኖ፣ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብሎ፣ በአማርኛ ማለ። «ባላ አላነሣሁም።»

በአማርኛ እውነቱን ነው። በነፃ ተሰናበተ።

አዴ ድርቤ ይህን ያወቁት ከዓመት በኋላ ነው። በነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ገብረክርስቶስ የሚባል ደብዳቤ ጻፊ ውሳኔውን አነበበላቸውና፣ ምን ዓይነት ባላ እንደሆነ ለማስረዳት አፈሩ ላይ በጣቱ መንታ እንጨት ሣለላቸው። ይግባኝ የሚባልበት ቀን አልፎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበያው ለገብረክርስቶስ ሚስት ለሸዋጌጥ ቅቤ እያመጡ አማርኛ ተማሩ። ሌሎች መጀመሪያ እንጀራና ውኃ ይማራሉ፤ የእሳቸው የመጀመሪያ ቃል ባላ ነበረች።

አማርኛውን ሲጨርሱ ደግሞ መንገዱን ጀመሩ። ስድስት ክረምት ሙሉ፣ በነቀምቴ ገበያ ቀን፣ ከጉሉማ ቀድመው መንታው ላይ ይደርሳሉ። ትክክለኛው ቅጠል እንዳለ ሆኖ በሌላውም ላይ አንድ ይጨምራሉ። ሌላ መንገደኛ ሲመጣ በአፋቸው ነግረው ያሳልፋሉ። ጉሉማ ሲመጣ ዝም ነው። ሁለት ቅጠል እያየ፣ ከወዲያ ሰው እስኪመጣለት ይገተራል። አብሮት የሚጓዝ ሰው እንደሆነ የለም፤ ወሬው ከቢላ እስከ ነቀምቴ ተዳርሷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ክረምት ቀድሞ ገበያ ገብቶ አያውቅም። ሲገባ ደግሞ ሴቶቹ ይቀበሉታል፦ «ኦቦ ጉሉማ፣ ዛሬስ ባላው ምን አለ?»

ይቅርታስ ብዬ መሞከሬ አልቀረም፤ ወንጌላዊት መሆናቸውን ነግረውኝ ነበርና።

«ቄሱ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በይ ይሉኛል» አሉ። «መች እምቢ አልኩ? እሱ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።»

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚሁ መንታ ላይ ቆሞ፣ በማለበት ቋንቋ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ ያደረጋትን እንዲናገራት።

ይህን ሲሉ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ጉሉማ ሦስት በቅሎ እየነዳ መጣ፤ ሽበታም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ካፖርቱ በዝናብ የከበደ ሰው። ሁለቱን ቅጠል አየ። አዴ ድርቤን እንዳላየ አለፋቸውና ወደ እኔ መጥቶ በጥሩ አማርኛ፣ ጌታዬ መንገዱ በየት ነው አለኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነበር፣ ገና አልነገሩኝም።

አዴ ድርቤ ለእኔ እንጂ ለእሱ አልመለሱም። «በአማርኛ ነው የጠየቀህ። በአማርኛ እሱ ንጹሕ ነው።»

ሰማዩ ጠቁሯል፣ ከወዲያ የሚመጣ ሰው አይታይም። ጉሉማ ተናደደና የወንዙን ቅጠል በእግሩ ገፍቶ በቅሎዎቹን ወደ ታች ነዳ። እኔ ብድግ አልኩ፤ አዴ ድርቤ የልብሴን ጫፍ ይዘው አስቀመጡኝ።

ሃያ ርምጃ ያህል እንደወረደ መሪዋ በቅሎ ቆመች። መታት፤ ጆሮዋን አቁማ ቀረች። ከታች የወንዙ ድምፅ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማል። ጉሉማ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ወንዙ አየ። ዘወር ሲል ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

«ባላ ሰና አነቱ ካሴ» አለ በኦሮምኛ። ያን ቅጠል ያነሣሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

«ወንዙ ይጮኻል፣ አልሰማሁም» አሉ አዴ ድርቤ።

ደገመው። በዚህኛው ጮክ ብሎ ስለነበር በቅሎዎቹ ደነገጡ። አዴ ድርቤ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መምህር ነህ፣ ጻፈው። ቅጠል ብለህ ጻፈው።»

ከዚያ ተነሡ፤ የላይኛውን መንገድ ድንጋይ በእግራቸው አንከባልለው ቅጠሉን አነሡ። ጉሉማ በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሳበ አወጣ፤ በአጠገባችን ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ይቅርታ አልጠየቀም። እሳቸውም አልጠበቁ።

በበቅሎዎቹ ኮቴ ላይ እየረገጥን ጨፌውን ተሻገርን። እስከ ነቀምቴ ድረስ አዴ ድርቤ ስለ ቅቤ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሸዋጌጥ የወጥ ሙያ ሲያጫውቱኝ ዋሉ፤ ስለ ጉሉማ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በከኒሳ ቀሴ ከሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ስንደርስ እሳቸው ወደ ዘመዳቸው ቤት፣ እኔ ወደ ቤቴ ልንለያይ ሆነ። ያን ጊዜ ከእንግዲህስ ያሳልፉታል አይደል፣ የፈለጉትን ተናገረ እኮ አልኳቸው።

ቅላቸውን በጀርባቸው ላይ አስተካከሉ።

«ለአንተና ለእኔ ተናገረ፤ ለባይሳ ግን አልነገረውም» አሉኝ። «ሌላውን መንገድ ሁሉ እዘጋበታለሁ። ወደ ባይሳ የሚወስደውን ግን አልዘጋበትም።»