በሰው ስልክ የሚገባ ብር

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ይቁነጠነጣል። ጫማው ለምረቃ የተገዛ ይመስላል፤ ሶሉ ላይ ግን የቡና ማሳ ጭቃ ደርቋል። ስልኩን ያወጣል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። በመጨረሻ ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እናቴ ብር ልትልክልኝ ነው። በእርስዎ ስልክ ይግባልኝ? በኔ ከገባ፣ በስልክ የተበደርኩት ዕዳ ጠራርጎ ይወስደዋል።»

«ተምረህ የለ? ሥራ አልያዝክም?»

«የተማርኩበትን ወጪ፣ ኮስት ሼሪንጉን፣ ካልከፈልኩ ዋናውን ዲግሪ አይሰጡኝም። ያለሱ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል?»

ቁጥሬን ሰጠሁት፤ ለእናቱ መልእክት ጽፎ ላከላቸው። ብሩ እንደገባ እናትየው በኔው ስልክ ደወሉ።

«የልጄ አለቃ እርስዎ ነዎት? የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪደርስ ብዬ ነው የላክሁለት። አደራዎን!»

ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ መቁነጥነጥ ቀርቶ ድርቅ ብሏል።

«አይዞዎት» አልኳቸው፤ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»