አዲስ አበባ ያልደረሰው ናሙናዬ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሕመሙን ረስቼው የምውልበት ቀን አለ፤ ግርማን ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ሐርጌሳ ውስጥ ሴራሚክ አነጥፋለሁ። ግርማ የአገሬ የወልዲያ ልጅ ነው፤ 26 ጁን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንገቴ ሥር ያበጠው ነገር ተቆርጦ ሲመረመር ሊምፎማ የሚባል የእጢ ካንሰር ሆነ። ሐኪሟ የሐርጌሳ ልጅ ናት፤ ጅማ ስለተማረች በአማርኛ አስረዳችኝ።

“ክሮሞዞሙ ተሰብሮ ቦታ ከቀየረ ክፉው ዓይነት ነው ወንድሜ፤ መድኃኒቱም ይከብዳል። የሚለየው በሚያበራ ቀለም ነው፤ እዚህ የለም። ከአንገትህ የተቆረጠው ናሙና አዲስ አበባ ይሂድና ውጤቱ እንደመጣ መድኃኒቱን እንጀምራለን፣ ኢንሻአላህ።”

ናሙናው በሰም የተደፈነ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ነገር ነው። ግርማ ቤተሰብ ሊጠይቅ ይሄድ ስለነበር፣ “በእጄ አደርስልሃለሁ” ብሎ ከሐኪሟ ደብዳቤ ጋር ተቀበለኝ።

በሳምንቱ ደውሎ “አስረክቤያለሁ” አለኝ። ቀጥሎ “ሐሙስ ና ብለውኛል”፤ ቀጥሎ “ማሽኑ ተበላሽቷል”። በመጨረሻም፣ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ክፉው አይደለም! ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።” አለቀስኩ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። እልልታዋን ሰምተው ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ በስልክ ይሰማኝ ነበር።

ሐኪሟ ግን ያለ ወረቀት አልጀምርም ብላ ላብራቶሪው ጋ ደወለች። በስሜ የገባ ናሙና የለም።

ግርማ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። ብዙም አልተከራከረኝም። ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ ኬላ፣ ፍተሻ ሲያይ፣ የሰው ሥጋ ይዞ ተገኘ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ጥሎታል።

“እሺ፣ ክፉው አይደለም ያልከኝስ?”

“ስትጨነቅ ጊዜ... ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።”

አንገቴ ዳግም ተቀደደ። አሁን ናሙናውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ደብዳቤዬን አንብቦ “አላህ ያሽርህ” ብሎ አሳለፈኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ላብራቶሪ ውስጥ ያለችው ባለሙያ ምስሉን አሳየችኝ። ደህና ቢሆን ቀዩና አረንጓዴው ነጥብ ተጣብቀው ይታዩ ነበር። የእኔ ተለያይተዋል፤ ክሮሞዞሙ ተሰብሯል ማለት ነው።

ተመስገን፣ ከባዱን መድኃኒት ጨርሼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ግርማ ሽማግሌ ልኮብኛል። ናሙናውን ስለጣለው ይቅር ብዬዋለሁ፤ ፍርሃት ማንንም ይይዛል። ለእናቴ መልሼ ደውዬ “ውሸት ነበር እማ፣ ክፉው ነው” ያልኩበት ቀን ግን ከልቤ አልወጣልኝም። “ማን ነው እንዲህ የሚቀልድብን?” አለችኝ። ስሙን መጥራት አቃተኝ። እስካሁንም ስትጸልይ የእኔንና የግርማን ስም አንድ ላይ ትጠራለች።