ሱሌማን ሱሌማን መሆኑን ያስመሰከረበት ሳምንት

ሱሌማን ከሲኤምሲ ቪላዎች ጀርባ፣ ወደ ጎሮ በሚወስደው ኮረኮንች ዳር ይኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዳቦ ቤት ያለው ካሊድ ከሩቅ ሲያየው የተለመደውን ዳቦ ጠቅልሎ ይጠብቀዋል። የሚኒባስ ረዳቶች እንኳ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ በሩን ይከፍቱለታል። ይህ ሁሉ እውቅና ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አልጠቀመውም።

ነገሩ የመጣው ከሃምቡርግ ነው። ሱሌማን የሚሠራው ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ባለው፣ ሰሊጥ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ነበር። ኢንተርኔት አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ አንድ አጭበርባሪ በድርጅቱ ስም ለጀርመናዊው ገዢ መልእክት ላከ። ገዢው ሰሊጥ ደረሰ ብሎ ወደብ ሄደና ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ "በቁልፍ ያልተፈረመ መልእክት አላነብም" አለ። ቁልፍ ያለው በኮምፒዩተር የሚሠራ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰልፍ ነው፤ መልእክቱ ከማን እንደመጣ በእሱ ይታወቃል። ችግሩ ማንም ሰው በፈለገው ስም ቁልፍ ማበጀት መቻሉ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚያምነው ሰው ሱሌማንን በአካል አግኝቶ፣ ሰነዱን አይቶ፣ "ይህ ቁልፍ የእሱ ነው" ብሎ መፈረም ነበረበት። ጀርመናዊው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ሃምቡርግ ተምሮ የተመለሰው ወዳጁ ኢንጂነር ኣምደሚካኤል ነው።

ሱሌማን ይህን ሲሰማ ሳቀ። ኣምደሚካኤል በማታ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብሮት የተቀመጠ፣ ሲያገባ ሚዜው፣ ሥራ ሲቀጠር ዋሱ ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ግን አልሳቁም።

"እስከ ሰኞ አስፈርም" አሉት። "ካልሆነ የእህቴ ልጅ ሽፈራው ይግባበት። አንተ ወደ መጋዘንህ ትመለሳለህ።"

ሱሌማን መጋዘኑን ያውቀዋል። እዚያ የሰሊጥ አቧራ ሲውጥ ዓመታት ኖሯል። ኮምፒዩተሩ ጋ ከተዛወረ ወዲህ ነው ሳሉ ጋብ ያለለት። ሚስቱ ነኢማ አጠገቧ ተኝቶ ሳያስል ሲያድር አሁንም ትገረማለች፤ አንዳንዴ ዝምታው ያስፈራትና ቀስቅሳ "ደህና ነህ?" ትለዋለች።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ኣምደሚካኤል ቤት ሄደ። ጓደኛው ሻይ ቀዳለት፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀው፣ ከዚያ መነጽሩን አደረገና "እሺ፣ መታወቂያ ይዘሃል?" አለው።

ሱሌማን የቀበሌ መታወቂያውን አወጣ። ኣምደሚካኤል ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ማህተሙ የጉርድ ፎቶግራፉን ጠርዝ መንካት ሲገባው መሃል ፊት ላይ አርፎ ነበር።

"ሰው ይታየኛል" አለ። "ግን ማንም ሊሆን ይችላል። እኔም ልሆን እችላለሁ።"

"ኣምዴ፣ ሚዜዬ ነበርክ እኮ።"

"ነበርኩ። ያን ቀንም መታወቂያ አልጠየቅኩህም። ቸልተኝነት ነው።"

"ዋሴ ነህ። ይህን ቤት ለእኔ ብለህ አስይዘሃል።"

"እሱ ቤት ነው" አለ ኣምደሚካኤል። "ይሄ ፊርማ ነው። የገዛ እናቴ ብትሆን ሰነዷን ሳላይ አልፈርምም፤ ደንቡ ይሄ ነው።"

"እናትህ ዓዲግራት ናቸው፤ መታወቂያም የላቸውም።"

"ለዚህ ነው እስካሁን ያልፈረምኩላቸው።"

ደንቡ ሁለት ሰነድ ይጠይቃል። ሱሌማን የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን ጨመረ። ኣምደሚካኤል አገላብጦ አየውና ፊቱ ፈካ። "ይሄ ጥሩ ነው። ፎቶው ግልጽ፣ ማህተሙ ግልጽ። ማን ነው የፈረመበት?"

"እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ሁሉ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።"

"ፊርማህ ያምራል። ይሄ ተቀባይነት አለው። የቀበሌውን አሳድስ።"

ሱሌማን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነው። "ሽፈራው የሚባለው የእትዬ ውባንቺ የእህት ልጅ ቢመጣስ?"

"ፓስፖርት አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው እፈርምለታለሁ።"

"አታውቀውም እኮ።"

"ባላውቀው ይሻላል" አለ ኣምደሚካኤል ከልቡ። "የማላውቀውን ሰው ሳጣራ ይሉኝታ አይዘኝም።"

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ የሚያድሱት አቶ ገሰሰ ነበሩ። አሮጌውን መታወቂያ ከላይ ከታች አዩትና መለሱለት።

"ይህ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ፊቱ አይታይም።"

"ማህተሙን የመቱት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ ገሰሰ።"

"ማህተሙንማ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት ሰውየውን ነው።"

"እሁድ ዕለት ዕድር ላይ አጠገቤ ነበር የተቀመጡት።"

"ዕድር ላይ ሱሌማን ነህ" አሉ አቶ ገሰሰ ረጋ ብለው። "እዚህ ባለጉዳይ ነህ። የሚያውቁህን ሦስት የቀበሌያችንን ነዋሪዎች አምጣ። ሚስት አትሆንም።"

ረቡዕ ዕለት ካሊድ የዳቦ ዱቄቱን ከእጁ ሳያራግፍ መጣ። ጎረቤቱ ወይዘሮ አስማም መጡ። ሦስተኛው ኣምደሚካኤል ነበር፤ ሲጠየቅ አንድ ጊዜም አላቅማማም። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ከረባት አስሮ መጣ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ "ሱሌማን መሆኑን አውቃለሁ፣ ሐሰት ብናገር ልጠየቅ" አለና ከሁሉም በላይ ጎላ አድርጎ ፈረመ።

አዲሱ መታወቂያ አርብ ዕለት ወጣ። በፎቶግራፉ ላይ ሱሌማን ፎቶ ቤቱ ለሰው ሁሉ የሚያውሰውን ሰፊ ጥቁር ኮት ለብሷል። ማህተሙ ትከሻው ላይ አርፏል። ከቀበሌ እስከ ኣምደሚካኤል ቤት በእጁ ይዞት ሄደ፤ ኪሱ እንዳያጥፈው ፈርቶ።

ኣምደሚካኤል ማጉሊያ መነጽር አወጣ። ጆሮውን ከጆሮው፣ ቅንድቡን ከቅንድቡ አስተያየ። "ዞር በል እስቲ። ወደ ግራ። ኮቱን አላውቀውም፣ ሌላው ልክ ነው።" ኮምፒዩተሩን ለማብራት እጁን ዘረጋና መሃል ላይ አቆመው።

"ሱሌ፣ ይህን መታወቂያ የሰጠህ ማን ነው?"

"ቀበሌው ነዋ።"

"ቀበሌው ማንን አምኖ?"

"ካሊድን፣ ወይዘሮ አስማን።" ሱሌማን ቆም አለ። "አንተን።"

"እኔ ስመሰክር መታወቂያህን አይቼ ነበር?"

"ምኑን ታያለህ? ልናወጣ ሄደን!"

"ስለዚህ ይህን ወረቀት ባምን ራሴን ማመኔ ነው።"

"ታዲያ ራስህን አታምንም?"

ኣምደሚካኤል ተከዘ። "ያለ ሰነድ አይደለም" አለ።

ሱሌማን ያን ዕለት ከጓደኛው ጋር ሊጣላ ትንሽ ቀረው። ኣምደሚካኤል ግን የቸገረው ከልቡ ነበር። ምስክርነቱን አንሥቶ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ እንዲመሰክር ሐሳብ አቀረበ፤ ያኔ መታወቂያውን በንጹሕ ዓይን ሊያየው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ቀበሌ ተሰለፉ።

አቶ ገሰሰ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገሙትና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ኢንጂነር፣ ምስክርነት ማንሣት ማለት 'ይህን ሰው አላውቀውም' ማለት ነው። አያውቁትም?"

"ጥያቄው እሱ አይደለም።"

"እዚህ ቤት ሌላ ጥያቄ የለም። አላውቀውም ካሉ ረቡዕ በሐሰት መስክረዋል፤ ፖሊስ እጠራለሁ። አውቀዋለሁ ካሉ በምን እንደሚያውቁት ይንገሩኝና ወረፋውን ይልቀቁልኝ።"

ከኋላ የተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ። ሱሌማን ወለሉን አየ። ኣምደሚካኤል ከረባቱን ነካካ።

"በማታ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ሲያስለቅሰው እያየሁ አውቀዋለሁ" ብሎ ጀመረ። ድምፁ እንደ ረቡዕ አልጎላም። "አባቴ ያረፉ ጊዜ ሰው ሁሉ ድንኳኑ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። እሱ ከዚያ በኋላም ይመጣ ነበር። ከመጋዘን ወጥቶ፣ አቧራውን እንደለበሰ። ምንም አይናገርም፤ ጥግ ላይ ይቀመጥና ያስላል። በሩን ሳልከፍት በሳሉ አውቀው ነበር። አሁንም ዓይኔን ታስሬ፣ ሺህ ሰው ቢያስል፣ የእሱን እለየዋለሁ።"

አቶ ገሰሰ እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሡ። የሚጨምረው እንደሌለ ሲያዩ "ይበቃል፤ ምስክርነቱ ጸንቷል። ቀጣይ" አሉ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኣምደሚካኤል ቤት ተመለሱ። ኣምደሚካኤል ኮምፒዩተሩን አበራ። ሱሌማን ቢሮ ጽፎ ከያዘው ወረቀት የቁልፉን ቁጥር አነበበ፣ ኣምደሚካኤል ኮምፒዩተሩ ላይ ከሚታየው ጋር አመሳከረ፤ ከዚያ ደግመው አነበቡት። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ መጣ። ኣምደሚካኤል ተረጎመለት፤ "ይህ ቁልፍ በእርግጥ የዚህ ሰው ለመሆኑ ቃልህን ትሰጣለህ ወይ ይላል።"

"መታወቂያዬን አይጠይቅም?"

"አይጠይቅም።"

"ሁለቱንም?"

"አንዱንም አይጠይቅም፣ ሱሌ። የሚጠይቀው እኔን ብቻ ነው።"

ኣምደሚካኤል ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። መታወቂያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ አንድ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ሱሌማንን አየና "አዎ" የሚለውን ተጫነ።

ሰኞ ጠዋት ከሃምቡርግ መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነበር። ገዢው ስለ ሰሊጡ ጠየቀ፤ ስለ ሱሌማን ምንም አልጠየቀም። ወይዘሮ ውባንቺ ቆመው አስነበቡትና ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

"ምን ያቆምሃል?" አሉት። "ተቀመጥና መልስለት።"